አፄ ዮሐንስን መተማ ያደረሳቸው የሂዌት ውል ነው ወይስ ሃይማኖት?

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ለታሪክ ክበባችን ክርክር ‹አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት እንግሊዞች በውል ስላታለሏቸው ነው ወይስ ጦርነቱ የሃይማኖት ስለነበር ሊቀር አይችልም ነበር?› የሚል ርዕስ መርጠናል። ተማሪዎቹ ሁለት ቦታ ተከፍለው ተፋጠዋል፤ እኔም ወደ የትኛው እንደማዘነብል ቸግሮኛል። ከሱዳን ጋር ዛሬ ያለን የድንበር ጉዳይስ ከዚያ ጦርነት የመጣ ነው?»

መልስ፦ ርዕሱ እንዳለ ከቀረበ ልጆቹ የቱንም ወገን ቢይዙ በግማሽ እውነት ይከራከራሉ። እንግሊዝ ቃሏን አላከበረችም፤ እውነት ነው። በሁለቱም በኩል የሃይማኖት ግለት ነበር፤ እሱም እውነት ነው። ነገር ግን አንዱም ቢሆን ከ1876 እስከ 1881 ዓ.ም. ባሉት አምስት ዓመታት ማን ከማን ጋር ተዋዋለ፣ ማን የገባውን ፈጸመ፣ ማንስ ጭራሽ ሳይጠየቅ ቀረ የሚለውን አይመልስም። እኔ የምለው ይህ ነው፦ በ1876 ኢትዮጵያ፣ እንግሊዝና ግብፅ የተዋዋሉትን የሂዌት ውል መፈረም ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ የመጣው ኢትዮጵያ የገባችውን ግዴታ በጎረቤቷ፣ በሱዳኖቹ መሐዲስቶች፣ ላይ ጦር አዝምታ ስትፈጽም፣ በለውጡ የተቀበለችውን ተስፋ የሚያስከብርላት አንድም መያዣ በእጇ ስላልነበረ፣ ከጎረቤቷም ጋር የኋላ ኋላ የሚያስታርቅ በር ስላልከፈተች ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካላልኩ በቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ተማሪዎች ከውጭ መጻሕፍት ቀን ሲገለብጡ ይህ ዘመን ክፉኛ ያምታታል። በፈረንጆቹ 1888 ጎንደር የተቃጠለችበት ዓመት ነው፤ በእኛ 1888 ግን የዓድዋ ድል ነው፤ በየቀኑ በፒያሳው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በኩል የሚያልፍ ልጅ ቁጥሩን ሲያይ ሌላ ነገር አይታሰበውም። በፈረንጆቹ 1881 ሙሐመድ አሕመድ መሐዲ ነኝ ብለው አባ ደሴት ላይ የተነሡበት ነው፤ በእኛ 1881 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ የወደቁበት። ክርክሩ ላይ ሁለቱ ከተደባለቁ መንሥኤው ከውጤቱ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ልጆቹ አንዱን አቆጣጠር መርጠው በእሱ ይጽኑ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሱዳን ሳይሆን ከግብፅ ነው። የግብፅ ገዥ ከዲቭ እስማኤል ምጽዋን ከቱርክ ተረክበው በ1864 ቦጎስን (የከረንን አካባቢ) ያዙ፤ በ1868 ሐረርን ጨመሩና በዚያው ዓመት ወደ መሃል አገር ጦር ላኩ። ጦሩ ጉንደት ላይ፣ ከዚያ ጉራዕ ላይ ተመታ። ብዙ የትምህርት ቤት ማስታወሻ እዚህ ላይ «ድል» ብሎ ይዘጋል። ነገር ግን ግብፅ ተሸንፋም ከቦጎስ አልወጣችም፤ ምጽዋንም አልለቀቀችም። በ1872 መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጎርደን የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያነጋግር እንኳ የተጨበጠ ነገር ሳይገኝ ተለያዩ። አፄ ዮሐንስ በጦር ሜዳ ሁለቴ አሸንፈው በድርድር አንዲት ስንዝር አላገኙም። ዕቃና መሣሪያ የሚገባበት በር እንደተዘጋ ነው፤ ጳጳስ እንኳ የሚመጣው ከእስክንድርያ ስለነበር በከዲቩ በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የ1876ቱን ፊርማ ከዚህ ስምንት ዓመት ጥበቃ ነጥሎ «ተታለሉ» ማለት ንጉሠ ነገሥቱን የዋህ ማስመሰል ነው፤ አልነበሩም።

በ1875 መግቢያ ላይ እንግሊዝ ግብፅን ያዘች። በሱዳን ደግሞ የመሐዲው እንቅስቃሴ እየገፋ ሄዶ በ1876 መጀመሪያ ሸይካን ላይ በእንግሊዛዊው ሂክስ የሚመራውን የግብፅ ሠራዊት ደመሰሰ። ለንደን ከዚህ በኋላ ሱዳንን ለቆ መውጣት ነው ብላ ወሰነች። ችግሩ በምሥራቅ ሱዳን በከሰላ፣ በአሚዴብ፣ በሰንሂት፣ መተማ አጠገብ ባለችው በጋላባትና በጊራ የግብፅ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው መከበባቸው ነው። መውጫ ያላቸው በኢትዮጵያ በኩል ብቻ ነው። የእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት አድዋ ድረስ የመጣው ለዚህ ነው፤ ለኢትዮጵያ አዝኖ አይደለም። አፄ ዮሐንስም ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ባላጋራቸው የእሳቸውን እርዳታ የፈለገበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ስለነበር ተጠቀሙበት።

ውሉ የተፈረመው ግንቦት 27 ቀን 1876 ነው። ፈራሚዎቹ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ሂዌት ስለ እንግሊዝ፣ ሜሰን ቤይ ስለ ግብፅ። ጽሑፉ አጭር ስለሆነ ልጆቹ ሙሉውን ያንብቡት። በአንደኛው አንቀጽ ማንኛውም ዕቃ፣ የጦር መሣሪያም ጭምር፣ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በምጽዋ በኩል በነጻ ወደ ኢትዮጵያ እንዲያልፍ ተባለ። በሁለተኛው ከነሐሴ 1876 መጨረሻ ጀምሮ ቦጎስ ለንጉሠ ነገሥቱ ይመለሳል፤ የከዲቩ ወታደሮች ለቀው ሲወጡም ሕንጻውና የጦር ዕቃው ለኢትዮጵያ ይሆናል። በሦስተኛው ንጉሠ ነገሥቱ የከሰላን፣ የአሚዴብንና የሰንሂትን ወታደሮች በአገራቸው አሳልፈው ምጽዋ ያደርሳሉ። አራተኛው ስለ ጳጳሳት አመጣጥ ነው። በስድስተኛው ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱና በከዲቩ መካከል ጠብ ከተነሣ ዳኛዋ የእንግሊዝ ንግሥት ናት።

አሁን አንቀጾቹን እንደ ውል ተዋዋይ ይዩአቸው። የኢትዮጵያ ግዴታ ቦታው በስም የተጠራ፣ ተፈጸመ አልተፈጸመም የሚባል ነው። የቦጎስ መመለስም ቀን ተቆርጦለታል፤ እሱ ተፈጸመ። የምጽዋው አንቀጽ ግን «የእንግሊዝ ጥበቃ» ይላል እንጂ እንግሊዝ ወደቡን ለሌላ ብትሰጥ ምን ይሆናል የሚለውን አይነካም። ለጠብ የተሾመችው ዳኛም ራሷ የውሉ ተዋዋይ ናት፤ ደግሞም የምትዳኘው በኢትዮጵያና በግብፅ መካከል ብቻ ነው። ኢትዮጵያ እንግሊዝን የምትከስበት ቦታ በውሉ ውስጥ የለም። ልጆቹ «ማታለል» የሚል ቃል ማንሣት ከፈለጉ ቢያንስ ይህን ክፍተት በጣታቸው ያሳዩ።

ከበባው የመሐዲስቶቹ ነበር፤ በእኛ አጠራር የደርቡሾቹ። የተከበበን ወታደር ከከባቢው እጅ ማውጣት ማለት ከከባቢው ጋር መዋጋት ማለት ነው። ራስ አሉላ የአሚዴብንና የሰንሂትን አስወጡ፤ በጋላባትና በጊራ የነበሩትም በኢትዮጵያ በኩል ወጡ። ከሰላ ግን እርዳታ ሳይደርስላት ሐምሌ 1877 በመሐዲስቶቹ እጅ ወደቀች። ራስ አሉላ ሁለት ወር ያህል ቆይተው፣ መስከረም 1878፣ ኩፊት ላይ የመሐዲስቶቹን አዛዥ የዑስማን ዲግናን ጦር ድል ነሱ። ውድ ዋጋ የተከፈለበት ድል ነው፤ ኢትዮጵያ እስከዚያ ቀን ድረስ በቀጥታ ያልነካትን ኃይል በግብፅ ፈንታ ተዋግታ ያገኘችው።

ምጽዋስ? ካርቱም የወደቀችውና ጎርደን የተገደለው ጥር 1877 ነው። በዚያው ወር፣ አሥር ቀን ቆይቶ፣ ኢጣሊያ ምጽዋ ገባች። እንግሊዝ ፈረንሳይ እንዳትቀድም ስትል ኢጣሊያን አደፋፍራለች። ውሉ ከተፈረመ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። የግብፅ ባንዲራ ለጊዜው ሳይወርድ የኢጣሊያ ከጎኑ ተሰቀለ፤ ቀስ በቀስም መሣሪያ ማሳለፉ ተከለከለ፤ ኢጣሊያኖች ከምጽዋ በስተ ምዕራብ ወዳለችው ሰሐጢ ወጡ። ከዚያ ዶጋሊ መጣ፣ ጥር 1879። አፄ ዮሐንስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ቢጽፉም የሰማቸው የለም፤ በ1880 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጄራልድ ፖርታል የኢጣሊያን ጥያቄ ተቀበሉ ለማለት ነበር የተላከው። እዚህ ላይ «ተታለሉ» ባዮቹ ተማሪዎች በእርግጥ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። ብቻ ማስረጃው ስለ ምጽዋ ነው እንጂ ስለ መተማ አይደለም፤ ይህን እንዳያደባልቁ።

አሁን ስለ ሃይማኖቱ። አፄ ዮሐንስ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎን ሙስሊሞች በግድ እንዲጠመቁ ማድረጋቸው የተመዘገበ ነው። ስደትና ቂም አስከትሏል፤ ሱዳን ድረስ የሸሸም ነበር። ልጆቹ ይህን ለመሸፋፈን እንዳይሞክሩ፤ አገር መውደድ የተበደለን ሰው ታሪክ በመደበቅ አይገለጽም። በሌላው በኩል መሐዲው፣ እሳቸው ሰኔ 1877 ካረፉ በኋላም ተተኪያቸው ኸሊፋ አብዱላሂ፣ ለነገሥታት የሚጽፉት እስልምናን ተቀበሉ እያሉ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ «ሃይማኖት ስለሆነ ሊቀር አይችልም ነበር» የሚለው አይከተልም። ሐበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ አትንኳቸው የሚለው ሐዲስ፣ ከነጃሺ ውለታ ጋር ተያይዞ፣ በሙስሊሙ ዓለም የታወቀ ነው፤ የመሐዲስቶቹ ዋና ከተማ ኦምዱርማንም ታውቀዋለች። ማለትም በዚያ ወገን ሃይማኖት ለጦርነት ብቻ ሳይሆን ላለመዋጋትም ምክንያት ይሰጥ ነበር። የትኛው ምክንያት እንደሚያይል የወሰነው ድንበሩ ላይ የሆነው ነገር ነው።

ድንበሩ ላይ የሆነውን ሳይ እኔን የሚያንገበግበኝ ከመስከረም 1878 እስከ ጥር 1879 ያለው ጊዜ ነው። ራስ አሉላ ኩፊት ላይ አሸንፈዋል። ኸሊፋው ገና ሥልጣን ላይ ወጥተው ከመሐዲው ዘመዶች ጋር በውስጥ ሽኩቻ ተይዘዋል። ኢጣሊያ ምጽዋ ናት፤ የእንግሊዝ ተስፋ ባዶ መሆኑ ታውቋል፤ የግብፅ ወታደሮችም ወጥተዋል፤ የውሉ ግዴታ አልቋል። በጋላባትና በደንቢያ መካከል ትናንሽ ወረራዎች ነበሩ፤ ከድንበር ወዲህ የተጠለሉ የሱዳን ባላባቶችም የክርክር ምክንያት ሆነዋል። ግን ትልቅ ጦርነት አልነበረም። መተማ ገበያ ናት፤ ቡናውም ማሩም ጥጡም የሚለዋወጥባት፣ ከሁለቱም ወገን ነጋዴ የሚውልባት። ውል ለመዋዋል ከዚህ የተሻለ ወቅት አልመጣም። በዚህ ወቅት ግን የንጉሠ ነገሥቱ ዓይን ሰሜን ላይ፣ ጭንቀታቸውም ሸዋና ጎጃም ላይ ነበር። ከዚያ ጥር 1879 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋላባት ላይ ዘምተው የመሐዲስቶቹን አዛዥ ወድ አርባብን ገደሉ፣ ከተማዋንም አቃጠሉ። የዶጋሊ ወርም ይኸው ነው፤ ኢትዮጵያ በአንድ ወር ውስጥ በሁለት ጫፍ ሁለት ባላጋራ ቀሰቀሰች።

ምላሹ ልክ በዓመቱ ደረሰ። ጥር 1880 የመሐዲስቶቹ አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ደንቢያ ገብቶ ሳር ውሃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ሰበረ፤ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ ሕዝቡን ገደለ፣ ማረከ። አፄ ዮሐንስ ያን ጊዜ ሰሐጢ ላይ ከኢጣሊያ ጋር ሊፋጠጡ እየወረዱ ነው። ደርሰው ሳይዋጉ ተመለሱ። ከጀርባቸው ጎንደር ተቃጥላለች፤ ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት ተስማምተውባቸዋል የሚል ወሬ ደርሷቸዋል፤ ወሬውም እውነት ነበር። ከዚያ ጎጃምን ለመቅጣት ዘመቱና አገሩን አጠፉት። የዲፕሎማሲን ነገር ስናነሣ የውስጡን መርሳት አይገባም፤ ሦስት ሹማምንቱ በሦስት አቅጣጫ የሚያዩበት ንጉሠ ነገሥት ለጎረቤት የሚሰጠው ቃል ክብደት የለውም፤ ጎረቤትም ይህን ያውቃል።

ብዙ ተማሪ የማያውቀው ነገር እዚህ አለ። በ1881፣ ከመተማ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ አፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጻፉ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ የሁለታችንም ጠላት አውሮፓውያን ናቸው፤ እኔን ቢያሸንፉ አንተን አይምሩህም፣ አንተንም ቢያሸንፉ እኔን እንደዚሁ፤ ስለዚህ እርስ በርስ ከምንጨራረስ ብንተባበር፣ ነጋዴውም እንደ ልቡ ቢመላለስ ይሻላል። «የሃይማኖት ጦርነት ነበር» የሚለው ወገን ይህን ደብዳቤ ሳይመልስ ክርክሩን ሊያሸንፍ አይገባም። መልሱ ስድብና እስልምናን ተቀበል የሚል ነበር። አቡ አንጃ ጎንደርን ካቃጠለ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ተከፋፍለው ሳሉ የተጻፈ የሰላም ደብዳቤ በተቀባዩ ዘንድ የደካማ ልመና ይመስላል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሦስት ዓመት ዘገየ። ከዚያ አቡ አንጃ ሞተ፣ ዘኪ ቱማል ተተካ፤ መጋቢት 1 ቀን 1881 ጦርነቱ ሆነ። የኢትዮጵያ ጦር የእሾህ አጥሩን ጥሶ ገብቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ሲመቱ ድሉ ተበተነ።

ሌላ ምን አማራጭ ነበረ? ሂዌትን እምቢ ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ያኔ ቦጎስ አይመለስም፣ ኢጣሊያም ምጽዋ ከመግባት አትቀርም። ከመሐዲው ጋር በ1876 መዋዋል የሚለውን አንዳንድ ጸሐፊ ያነሣዋል፤ ያኔ ካርቱም ገና አልወደቀችም፣ የሚዋዋሉት መንግሥትም አልቆመም፤ ያለፈን ነገር አውቆ ወደ ኋላ መፍረድ ነው። እኔ የምመዝነው ሦስተኛውን ነው፤ ፈርሞ፣ ግዴታን ፈጽሞ፣ ወዲያው ፊትን ወደ ኦምዱርማን ማዞር። ይህ ሊሞከር ይችል እንደነበር የሚያሳየን የምኒልክ ዘመን ነው። ግንቦት 1889 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ከእንግሊዙ ሬነል ሮድ ጋር ሲፈራረሙ፣ በስድስተኛው አንቀጽ መሐዲስቶቹን የመንግሥታቸው ጠላት ብለው መሣሪያ እንዳያልፍላቸው ለማገድ ቃል ገቡ። ከኸሊፋው ጋር ደግሞ ደብዳቤና መልእክተኛ መለዋወጣቸውን አልተዉም። ጦር ግን አላዘመቱም። እርግጥ ምኒልክ ከዓድዋ ድል በኋላ የቆሙ ንጉሥ ናቸው፤ ያን አቅም ለአፄ ዮሐንስ ሰጥቶ መመዘን ፍትሕ አይደለም። ንጽጽሩ የሚያሳየው መንገዱ እንደነበረ ብቻ ነው።

ስለ ድንበሩ በአጭሩ፦ አይደለም። የዛሬው የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን መሠረቱ ግንቦት 1894 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውልና ከዚያ በኋላ እንግሊዛዊው መኮንን ግዊን መሬት ላይ ያሰመረው መስመር ነው። ያኔ ኸሊፋው ወድቀዋል፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ስም ትገዛለች። መተማ ላይ ማን አሸነፈ የሚለው ከዚያ መስመር ጋር አይገናኝም። ልጆቹ በክርክሩ መሃል ሁለቱ አገሮች ዛሬ የሚወዛገቡበትን የአል ፋሽቃን መሬት ጉዳይ ካነሡ ያስቁሟቸው፤ ሁለቱን ያገናኘ ንግግር ሁለቱንም ያበላሻል።

ስለዚህ ርዕሱን ይለውጡት። «ከኩፊት እስከ ጥር 1879 የኢትዮጵያ መንግሥት ከኦምዱርማን ጋር መዋዋል ይችል ነበር ወይ?» ቢሉት ሁለቱም ወገን የሚሞግትበት ማስረጃ ያገኛል። ውሉን ወመዘክር ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሄደው ይፈልጉት፤ ልጆቹን ይዘው ቢሄዱ ደግሞ የተሻለ ነው። አንዱ ቡድን አንቀጽ በአንቀጽ ማን መቼ እንደፈጸመ በሰንጠረዥ ያውጣ፤ ሌላው የ1881ዱን ደብዳቤ ሐሳብ ይዞ ከሦስት ዓመት በፊት ቢጻፍ ኖሮ ኦምዱርማን ለምን ልትቀበለው ወይም ልትጥለው እንደምትችል ያስረዳ። አንድ ተማሪ ደግሞ በኸሊፋው ስፍራ ሆኖ እንዲናገር ያድርጉ፤ ለእሱም እንደ ሌሎቹ እኩል ሰዓት ይስጡት።